መርፌን ስለ መፍራትና ፍርሃቱን ስለ ማሸነፍ

(በሞጆ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በጤና ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት ለክበባችን ጥቂት ደቂቃ ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። ሌሎቹ ክበቦች ስለ ሳይንስ፣ ስለ እርሻና ስለ ታሪክ ሲናገሩ እኛ የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ነው፤ ይኸውም መርፌን ስለ መፍራት ነው። እኛም ስቀንበት ነበር። መሳቃችንን ስለ ምን እንደ ተውን ግን እንድናስረዳ ይፈቀድልን።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ዝናሙ ቆሞ የወባ ትንኝ በሚበዛበት ጊዜ፣ ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱን ብርድ ብርድ ይለውና ያተኩሰው ጀመር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ይህ ምልክት ወዴት እንደሚያመለክት ነጋሪ አያሻንም። እናቱ «ጤና ጣቢያ ሂድና ደምህን ተመርመር» ቢሉት «ፈተና አለብኝ» አለ። በማግሥቱ ቢጠይቁት «ተሽሎኛል» አለ። በሦስተኛው ቀን ከመቀመጫው መነሣት ስላቃተው በባጃጅ ይዘነው ሄድን። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጣቱን በአልኮል ጠርገው ትንሿን መውጊያ ሲያነሡ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቀው፤ ከወንበሩም ተንሸራቶ ወደቀ። ከእኛ መካከል የሳቁ ነበሩ። ይህን ዛሬ በፊታችሁ ስንናገር እናፍራለን።

ባለሙያዋ ግን አልሳቁም። በጀርባው አስተኝተው እግሮቹን ከፍ አደረጉለት፤ ከነቃም በኋላ እዚያው እንደ ተኛ አንዲት ጠብታ ደም ከጣቱ ወሰዱ። ወባ ነበር፤ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ዓይነት። ይህ ዓይነቱ ቶሎ ካልታከሙት ወደ ብርቱ ሕመም ተለውጦ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። ጓደኛችን መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። የዘገየው ግን በፈተና ምክንያት እንዳልነበረ በኋላ ነገረን። መርፌውን ፈርቶ ነበር፤ እንዳንስቅበትም ፍርሃቱን ደብቆ ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባለ ሲተረት ሰምተናል፤ እርሱ የሸሸገው በሽታውን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ነበር፤ እንዲሸሽግ ያደረግነውም እኛ ነን።

ባለሙያዋ በዚያ ቀን ያስተማሩን ነገር ይህ ነው። ሰው ውሻ ወይም ገደል ሲፈራ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደሙ ግፊት ይጨምራል፣ ለመሸሽ ይዘጋጃል። ደምና መርፌ የሚፈራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይደርስበታል። ልቡ በመጀመሪያ ፈጥኖ ይመታና ወዲያው ይዘገያል፤ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ስለሚያንስም ራሱን ይስታል። ይህ የነርቭ ሥራ ነው እንጂ የወኔ ማነስ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲደጋገም ይታያል።

ይህን ፍርሃት ደብቆ መያዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከጎረቤታችን ከሶማሊያ አንድ ታሪክ እናንሣ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነበር። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ በመርካ ከተማ የሐኪም ቤት ወጥ ቤት የነበረው የ23 ዓመቱ ወጣት ዓሊ ማው ማሊን በፈንጣጣ ታመመ። ሁለት ሕመምተኞችን ወደ ማግለያ ሰፈር የሚወስደውን መኪና መንገድ ለማሳየት አብሮ ተሳፍሮ ነበርና በዚያች አጭር መንገድ በሽታው ያዘው። ሰውየው ክትባት በሚሰጥበት ሐኪም ቤት እየሠራ ስለ ምን ሳይከተብ ቀረ? ያመኛል ብሎ ፈርቶ እንደ ነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። በተፈጥሮ መንገድ በሚተላለፍ ፈንጣጣ ከተያዙት ሰዎች በዓለም የመጨረሻው እርሱ ሆነ። ዳነም፤ በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። ዓሊም ኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰልፎ፣ ክትባት ለሚሸሹ ወላጆች የራሱን ጥፋት ሳያፍር እየተረከ ሲያስተምር ኖረ። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ ወባ ታሞ ሞተ። ፍርሃቱን መናገሩ ለስንት ሕፃናት እንደ ጠቀመ ማን ሊቈጥረው ይችላል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ምሁር ላርሽ ዮራን ኦስት ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ዘዴ አጥንቷል። ዘዴው የሚወርደውን የደም ግፊት በጡንቻ ኃይል መመለስ ነው። ተቀምጠን የክንዳችንን፣ የሆዳችንንና የእግራችንን ጡንቻ አጥብቀን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ እንይዛለን፤ ፊታችን ሞቅ ሲል እንለቃለን፤ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ዐርፈን ይህንኑ አምስት ጊዜ እንደግማለን። በቤት አስቀድመን ብንለማመደው መልካም ነው። ሲወጉን ግን የሚወጋው ክንድ ልል ይሁን። ከዚህም ጋር ለባለሙያው «እኔ ራሴን እስታለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገርና ተኝቶ መወጋት አያሳፍርም። ምርመራው ባዶ ሆድ የሚጠይቅ ካልሆነ ምግብና ውሃ ወስዶ መሄድ ይገባል፤ በጾም ጊዜ የሆነ እንደ ሆነም ይህንኑ ለባለሙያው መንገር ነው። ደሜ ያልቅብኛል ብሎ ለሚሰጋም እንንገረው፤ በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ፤ ለአንድ ምርመራ የሚቀዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ከሺህ አንድ እጅ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ለሴት ተማሪዎች ክትባት በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ አይተናል። በሰልፉ ላይ አንዲት ልጅ ስታለቅስ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይሸበራሉ፤ ወንዶችም በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። ከእንግዲህ የምትፈራው ልጅ ሳትጠብቅ በፊተኛነት ትግባ፤ ጓደኛዋም እጇን ትያዝላት፤ ከመስኮቱ ሥር የሚቆም አይኑር።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ በአክብሮት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ሕፃን ሲያስቸግር «ዝም በል፤ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» ማለት የተለመደ ነው። ሕፃኑ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ነገር ግን ሐኪሙን እንደ ጅብ መፍራት ይለምዳል፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላውም ወባውን ይደብቃል። ስለዚህ «ጥቂት ያምሃል፤ ወዲያው ያልፋል» ብላችሁ እውነቱን ንገሩት።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። አባቱ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል የአፋርን ሐሩር እያቋረጡ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ልጃቸው የሆነውን ሲነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ» አሉት። ሐኪም ለስኳር በሽታ ደም እንዲመረመሩ ያዘዘላቸውን ወረቀት አጥፈው ከጋቢናው ውስጥ ካስቀመጡት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በሌሊት መንገድ የማይፈሩ ሰው አንዲት መርፌ ፈርተው ነበር። ኮንቴይነራቸው እስኪራገፍ ተራ በሚጠብቁበት ቀን ልጁ ከጎናቸው ተቀምጦ የጡንቻውን ዘዴ አስለመዳቸው፤ ከዚያም አብረው ሄዱ፤ አባትየው ተኝተው ደማቸውን ሰጡ። ውጤቱ የእርሳቸውና የሐኪማቸው ጉዳይ ስለ ሆነ እኛ አልጠየቅንም።

ከመርፌው ይልቅ ውጤቱን የሚፈሩም ብዙዎች ናቸው። በዚህ መንገድ ዳር በምንኖር ሰዎች ዘንድ ኤች አይ ቪን መመርመር ለብዙ ዘመን ፍርዱን እንደ መስማት ተቈጥሮ ነበር። ይሁን እንጂ የሕመሙ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነጻ ይሰጣል፤ አስቀድሞ ያወቀም ዕድሜውን በሥራና በጤና ይኖራል። ደረቅ ወደባችን የሚገባ ኮንቴይነር ማኅተሙ ስለ አማረ ብቻ አይታለፍም፤ ተፈትሾ ነው የሚለቀቅ። የገዛ ገላችንን ሳናስፈትሽ ዓመታት ማሳለፋችን ታዲያ እንዴት ነው?

«የፈሪ እናት አታለቅስም» ይባላል። ከጦር ሜዳ ስለ ሸሸ ሰው ይህ እውነት ይሆናል። ከመርፌ የሸሸ ልጅ እናት ግን ልታለቅስ ትችላለች፤ የጓደኛችን እናት ሲያለቅሱ አይተናል። ጓደኛችን ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል፤ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጦ ይሰማናል። ስለ ሳቃችን በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን።