የልጆቻችንን ጭንቀት ማን ጠየቀ?

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በፀሐፊው የተነበበ ንግግር። ላልተገኛችሁት በሰሌዳ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችን ላይ ወጣ። ዝናቡ የጣለው ከበላያችን፣ በሐረርጌ ደጋ ነበር። ውሃው ተኝተን ሳለ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠረውንም ከቤቱ አፈናቀለ። ማኅበራችን በዚያን ጊዜ የሚችለውን አድርጓል። ሬሳ ፈለግን፣ ቀበርን፣ ንፍሮ ቀቀልን፤ ስንዴና ብርድ ልብስ ሲመጣም ስም እየጻፍን አከፋፈልን። መዝገቡ ዛሬም በእጃችን አለ። የሞተ ሰው፣ የፈረሰ ቤት፣ የጠፋ ፍየል ሳይቀር ተጽፎበታል። ለልጆች ፍርሃት ግን አንድ መስመር አልተጻፈለትም። ይህ የኛ ጥፋት ነው።

አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። ባለቤቱ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጠራም። ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ከጎርፉ በኋላ በደንገጎ በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ሆዴን አመመኝ ይላል። ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። እናቱ ቢቸግራት ለኛ አመለከተች። እኛም ተሰብስበን «ቀብጧል፤ ቆንጠጥ አድርጊው» ብለን ፈረድን። ልጁ ተገረፈ። 5ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጣለ። ጎረምሳ ሲሆን ከበርጫ አይነሳም፣ ሌሊት አይተኛም፤ እኛም «ዱርዬ» አልነው። ከዓመታት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ለምን ትምህርቱን እንደተወ ቢጠይቀው እንዲህ አለ፦ «አቦ፣ ትምህርት ጠልቼ አልነበረም። እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ውሃው መጥቶ እናቴን እንዳይወስዳት ነበር የምጠብቃት።»

ያን ቀን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ልጅ እንደ ትልቅ ሰው «ጨነቀኝ» አይልም። ሆዱን ያመዋል፣ ይቃዣል፣ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል። ከፍ ያለው ደግሞ ዝም ይላል ወይም ይቆጣል፣ ከጓደኛ ይርቃል፣ ትምህርቱ ይወርዳል። የሚያመጣውም ጎርፍ ብቻ አይደለም። የቤት ጠብ፣ የአባት ሥራ መፍታት፣ ዐረብ አገር የሄደች እናት ናፍቆትም ያመጣዋል። ለጥቂት ቀን ከሆነ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ሳምንታት ከቆየ ግን ጥጋብ ነው ብለን አንለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የምንለው ነገር ስንቱን ልጅ አስቀረብን!

በመሆኑም ሁላችንም የሚከተለውን እንድናደርግ አደራ እንላለን።

1ኛ፣ ወላጆች በቀን አንዴ እንኳ ልጁን አስቀምጣችሁ «ምን አስፈራህ?» በሉት፤ ሳታቋርጡም ስሙት። «ወንድ ልጅ አይፈራም» ማለት ይቅር። ይልቅ ጎርፍ ቢመጣ በየት እንደምትወጡ አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩት። መውጫውን ያወቀ ልጅ ፍርሃቱ ይቀላል።

2ኛ፣ መምህራን ዝም ያለውን ልጅ ከሚረብሸው እኩል ተመልከቱልን፤ ከመግረፋችሁ በፊት ለወላጅ ላኩ። እናንተም ሰው ናችሁ። በመስከረም 1999 ትምህርት ሲከፈት ሐዘን ላይ ሆኖ ያስተማረ መምህር ከመካከላችን አለ፤ እሱንም ማንም አልጠየቀውም። ሲከብዳችሁ ወደኛ ኑ።

3ኛ፣ ወጣቶች፣ «ጫት ለጥናት ያነቃኛል» የምትሉ አላችሁ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም ጭንቀቱ ይብሳል። የአእምሮ ሕመም ያለበትንም ያባብስበታል።

4ኛ፣ ስለ ሕክምና። ለረጅም ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከድሬዳዋ በሽተኛ ይዞ እዚያ መድረስ ለድሀ የሚሞከር አልነበረም፤ ስሙም መሰዳደቢያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ግን እዚሁ ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም አይቅር፤ ሕክምናውም አይቅር። መድኃኒት የተሰጠው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቋርጥ። በሽተኛን ማሰርና ቤት መቆለፍ ነውር ነው።

5ኛ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ልጅ ካለ፣ ቀልድም ቢመስላችሁ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ገንዘብ ወይም አጃቢ ከጎደላችሁ በሌሊትም ቢሆን በራችንን አንኳኩ።

ለዚህ ጉዳይ ሁለት እናቶችና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተመርጠዋል። እሑድ እሑድ በማኅበሩ ቤት ይገኛሉ። የሚነገራቸው ነገር መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ቡና ላይም አይወራም። የሚያወራ ቢገኝ ከኮሚቴው ይነሳል።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ሕክምና ጀምሮ እንቅልፉ ተመልሶለታል፤ ባጃጅ እየነዳ ልጅ ያሳድጋል። ሰማዩ ሲጠቁር አሁንም ባጃጁን አዙሮ እናቱ ቤት ጎራ ይላል። የሚስቅበት የለም። ያመለጠውን ትምህርት ግን ልንመልስለት አልቻልንም። ክረምቱ እየመጣ ነውና ሌላ ልጅ እንዳያመልጠን።



የማኅበሩ ፀሐፊ
ድሬዳዋ