ስለ ጋላንግ ደሴትና ወደዚያ ስለሚመለሱ ሰዎች የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚባለው ዓመት በኦሪቱ ሥርዐት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ወደ ርስታቸው ሳይሆን ተሰደው ወደ ተቀመጡበት ስፍራ ስለሚመለሱ ሰዎች ነው። ወደ ርስት መመለስ ምክንያት አያሻውም፤ ሰው መከራ ወደ ተቀበለበት ምድር ገንዘቡን አውጥቶ፥ ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ግን ምን ፈልጎ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ዓመቶቹን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እናገራለሁ።

በ1975 በሚያዝያ ወር የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በሰሜኑ ጦር እጅ ወደቀች። ከቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና ወታደሮች ብዙዎቹ ወደ ግዞት ሰፈር ተወሰዱ፤ በ1978 ደግሞ የነጋዴው ንብረት ተወረሰ፤ ከካምቦዲያና ከቻይናም ጋር ጦርነት ተነሣ። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ዓሣ ለማጥመድ በተሠሩ ታንኳዎች ላይ ከልክ በላይ እየተጫነ ወደ ባሕር ወጣ። ውኃ የጨረሰ፥ ሞተር የተሰበረበት፥ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በወንበዴ እጅ የወደቀ ብዙ ነው። እስከ 1995 ድረስ በጀልባ ወጥተው በደኅና ወደብ የደረሱት ወደ 800,000 ይጠጋሉ። የሞቱትን ግን የቈጠረ የለም፤ ባሕር መዝገብ አይጽፍም።

ጋላንግ ከሲንጋፖር በስተ ደቡብ ባሉት በኢንዶኔዥያ ደሴቶች መካከል ያለች ደሴት ናት። ከ1979 እስከ 1996 ድረስ የስደተኞች ሰፈር ሆና ስትኖር ከመቶ ሺሕ የሚበልጥ ሰው አልፎባታል። ሐኪም ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ ወህኒ ቤት ሳይቀር ነበራት፤ የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያንና የቡድሃ ቤተ ጸሎትም ተሠርተውባታል። ስደተኛው ገና ላላያት አገር የሚሆነውን ቋንቋ፥ እንግሊዝኛውን ወይም ፈረንሳይኛውን፥ እየተማረ ስሙ የሚጠራበትን ቀን ይጠብቃል። አሜሪካ፥ ካናዳ፥ አውስትራሊያ ወይም ፈረንሳይ የተቀበለችው መርከብ ይሳፈራል፤ ያልተጠራው ይቀራል። ከ500 የሚበልጡት ደግሞ በደሴቲቱ መቃብር ቀርተዋል።

ነገሩ የከፋው በኋላ ነው። እስከ 1989 መጋቢት ድረስ በጀልባ የደረሰ ሁሉ ያለ ምርመራ ስደተኛ ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ግን እያንዳንዱ ተመርምሮ፥ አገሩን የለቀቀው ስለ ፍርሃት ነው ወይስ ኑሮ ለማሻሻል እየተባለ ይፈረድበት ጀመር። ምርመራውን ያላለፈው ወደ ቬትናም እንዲመለስ ተወሰነ። በዚያች ደሴት ላይ ብዙ ልቅሶና ብዙ ዐመፅ ሆነ። በቋንቋችን «ሰደደ» ማለት አባረረም ላከም ማለት ነው፤ በጋላንግ ይህ አንድ ቃል በሁለቱም ፍቺው ሲፈጸም ታየ፤ አንዱ ወደ ተስፋው ተሰደደ፥ ጎረቤቱ ወደ ሸሸበት ተሰደደ።

አሁን ጋላንግ በድልድይ ከባታም ደሴት ጋር ተገናኝታለች። ቀድሞ በታንኳ ሲንገላታ የደረሰ ሰው ዛሬ ልጆቹን አስከትሎ በአውቶቡስ ይገባባታል። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰው ዱር በቅሎባቸዋል፤ ጥቂቶቹ ለመታሰቢያ ተጠብቀዋል፤ ከታንኳዎቹም አንዳንዶቹ ወደ የብስ ተስበው ቆመዋል። ልጆቹ ታንኳውን አይተው ይህን የሚያህል ሰው በዚህ ውስጥ እንዴት ገባ ብለው ቢደነቁ አይፈረድባቸውም።

እኛ ቅኔ ለመማር ከደብር ወደ ደብር የዞርን ሰዎች ይህን መመለስ በጥቂቱ እናውቀዋለን፤ መከራችን ከእነርሱ ጋር የሚመዛዘን ባይሆንም። በቁራሽ ያደገ ተማሪ ሸምግሎ በዚያ አገር ሲያልፍ፥ ሣርና እሾኽ ብቻ እንደሚያገኝ እያወቀ ጎጆው የነበረችበትን ስፍራ ሳይፈልግ አይሄድም። ምን ትፈልጋለህ ብትሉት፥ አብሮት ሲማር በንዳድ የሞተውን የጓደኛውን ስም ይነግራችኋል።

የጋላንግም ተመላሾች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ መቃብሩ ነው። ሣሩን ይነቅላሉ፥ ዕጣን ያጤሳሉ፥ የተፋቀውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ነገር ግን በባሕር የቀሩት ሣር የሚነቀልበት መቃብር የላቸውም። ስለዚህ በ1995 ሳይሆን እጅግ ዘግይቶ፥ በ2005 በመጋቢት ወር፥ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የቀድሞ ስደተኞች በጋላንግና በማሌዥያዋ በቢዶንግ ደሴት የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙ። በአንድ ወገን በመንገድ የሞቱትን የሚያስብ፥ በሌላው ወገን ያስጠጓቸውን አገሮችና የረዷቸውን ማኅበሮች የሚያመሰግን ቃል ተጻፈበት።

የቬትናም መንግሥት ግን ጽሑፉ ክብሬን ይነካል ብሎ ተቃወመ። የጋላንጉ ድንጋይ ጥቂት ወራት ብቻ ቆሞ ፈረሰ፤ የቢዶንጉም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ተነሣ።

መንግሥት ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ወዳጅነት መጠበቁ ነውር አይደለም። ኢንዶኔዥያም የራሷ ድኻ ሞልቶ ሳለ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ደሴቷን ለባዕድ የለቀቀች አገር ናትና ስሟን በክፉ ላነሣ አልወድም። ነገር ግን ድንጋዩን ማፍረሱ ትክክል ነበር የሚለኝ ቢኖር አልቀበለውም። ሁለት ወገን ያለውን ነገር በአንድ ወገኑ ብቻ አንብቦ መፍረድ በቅኔ ቤት ለጀማሪ እንኳ አይፈቀድለትም፤ ያን ድንጋይ የከሰሰው ሰው ዞሮ ጀርባውን ቢያነብ ኖሮ ምስጋናን ባገኘ ነበር። ደግሞም ሙት ለማንም መንግሥት ጠላት አይሆንም። መቃብር ለሌላቸው ሰዎች ያ ድንጋይ መቃብራቸው ነበረ፤ መቃብርን ማፍረስ ደግሞ በየትኛውም ሕዝብ ሥርዐት ምን እንደሚባል እናንተው ታውቃላችሁ።

በ2020 ያ የሳንባ ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ የኢንዶኔዥያ መንግሥት በቀድሞው ሰፈር ስፍራ ለሕሙማን ሐኪም ቤት ሠራ። እነሆ ደሴቲቱ ዳግመኛ የተጨነቀ ሰው ማሳረፊያ ሆነች። መቃብሩ ግን በስፍራው አለ። ቬትናማውያን በየዓመቱ በመጋቢት ማብቂያ ገደማ የሙታናቸውን መቃብር የሚያጸዱበት ቀን አላቸው፤ ወደ ጋላንግ የሚመጣውም ሰው ዕጣኑን የሚያጤሰው ለዘመዱ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ የሌለውን ጎረቤቱንም ሣሩን ነቅሎለት፥ አንዲት ዕጣን ተክሎለት ይሄዳል።