ቸርችል ዳገት ላይ የሚያንገራግር ሞተር

እሷ፦ ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ሲያንገራግር ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሹፌሩ ወዲያው «ፖምፓው ሞቷል» ይላል።

እሱ፦ እኔንም የሚያሳዝነኝ ይሄ አባባል ነው። ፖምፓው ከመወቀሱ በፊት የናፍጣ ፊልትሮው ይታይ! የድሮ የናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር የለውም፤ ናፍጣውን የሚመጥነው ራሱ ፖምፓው ነው። ፊልትሮው ከተደፈነ መኪናው ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይራባል።

እሷ፦ አየር ገብቶበት ቢሆንስ?

እሱ፦ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ጎማ ግጠሚና ሞተሩን አስነሺ። አረፋ ካየሽ አየር እየሳበ ነው፤ የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ፈልጊ።

እሷ፦ ዳገት ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭስስ?

እሱ፦ ከፍታችንን አትርሺ። 2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ይሳሳል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ፖምፓ ይህን አያውቅም፣ ያንኑ ናፍጣ ይልካል፤ ትርፉ ጭስ ይሆናል። ጉልበት አነሰ ብሎ ናፍጣ መጨመር ጭሱን ማባባስ ነው። የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች በመሞከሪያ ማሽን ይፈተሹ።

እሷ፦ አንዳንድ መካኒኮች የኖዝሎቹን መስመር በየተራ እያላሉ ድምፁን ያዳምጣሉ።

እሱ፦ ልክ ናቸው፤ መስመሩ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ደካማው ሲሊንደር ያ ነው። ግን እጅ አይጠጋ! በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። የተመታ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።