ለሁለት ቀን ወደ ዝዋይ

እሷ፦ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ሲያምራቸው መንገዱ ሁሉ ወደ ቢሾፍቱ ወይ ሐዋሳ ነው። እኔ ግን ዝዋይን እላለሁ፤ በአሁኑ ስሟ ባቱን።

እሱ፦ ለወይኑ እርሻ ብለሽ ነው?

እሷ፦ አዎ! በሞጆ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የፈረንሳዩ መጠጥ አምራች ካስቴል ወይን የተከለው እዚያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ለገበያ የወጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉት የወይን ጠጆች የዚያ አፈር ፍሬ ናቸው።

እሱ፦ እኔን ያስደነቀኝ በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ጉድባ ነው። ለመስኖ እንዳይመስልሽ፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ጉማሬ ተክሉን እንዳይረግጠው ነው።

እሷ፦ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል። ሜርሎውም ሲራውም፣ ሁለቱም የወይን ዝርያዎች፣ የተስማማቸው ለዚህ ነው። በረድፎቹ መሃል ጎን ለጎን መራመድ፣ ከዚያ ወይኑ ወደሚያርፍበት በርሜል ቤት መዝለቅ፤ ለጥንዶች ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም።

እሱ፦ ግን ቦታው ማምረቻ ነው። ሳያስፈቅዱ ሄደው ከበር እንዳይመለሱ፣ ቀድመው ይደውሉ።

እሷ፦ የቀመሰም መሪ አይያዝ! እዚያው ይደሩ። በማግስቱ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት፤ የዛይ ሕዝብ አገር፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለበት።

እሱ፦ ጠዋት በጊዜ ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል።