የማን ሰዓት? ከአገር ቤት ጋር የቼዝ ቀጠሮ ስለ መያዝ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በቼዝ ቡድናችን ስም የቀረበ ንግግር)




በፒችትሪ ኮርነርስና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለሠርግና ለልቅሶ፣ ለክርስትናና ለዒድ አብረን ስንሰበሰብ አሥር ዓመት ሞላን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ትንሽ ነው። ይኸውም የቼዝ ቡድናችን ከአዲስ አበባ ተጫዋቾች ጋር በኢንተርኔት የሚያደርገው የቡድን ግጥሚያ በስንት ሰዓት ይሁን የሚለው ነው። ትንሽ ቢመስልም ግጥሚያው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ የእናንተን ምክርና እርዳታ ፈልገን ቀርበናል።

ከቡድኑ አዋቂዎች የምንበዛው ታክሲ ነጂዎች ነን። ከእኛም ጥቂቶቻችን አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ በመኝታ ክፍል አልጋ ላይ ሰሌዳ ዘርግተን መብራት እስኪጠፋ የተጫወትን ነን። በሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ እኅትም አለችን። የቀሩት እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ናቸው።

ይህ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሰንጠረዥ ሕግ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እጁ እንደ ፈጠነ ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም ቀጠሮ እስካሁን በወረራ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሁን ግን ተራ የምንይዝበት ጊዜ ደርሷል።

ብዙዎቻችን ቀጠሮ ሲበላሽ ‹የሐበሻ ቀጠሮ› ብለን በራሳችን እንቀልዳለን። ነገር ግን ማንም ሳያረፍድ የሚበላሽ ቀጠሮም አለ። ‹ቅዳሜ በ3 ሰዓት› የሚል መልእክት ይላክ እንበል። አዲስ አበባ ያለው ተጫዋች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። እዚህ የተወለደው ልጅ ከምሳ በኋላ ያለውን 3 ሰዓት ያስባል። እዚሁ ያሉት እናቱ ደግሞ፣ ‹ጠዋት ነው እንጂ፣ ፈረንጆቹ 9 የሚሉት› ይላሉ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሆኖም በብርዱ ወራት በአትላንታ ሰዓት ብናሰላው፣ የመጀመሪያው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ላይ፣ እናቲቱ ጠዋት 9 ላይ፣ ልጁም ከቀትር በኋላ 3 ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 14 ሰዓት አለ። ስልክም ቢሆን አያድነንም፤ የአዲስ አበባው ስልክ 4 ሰዓት ብሎ ሲያሳይ ባለቤቱ የሚናገረው 10 ሰዓት ብሎ ነውና።

የቀኑም ስም እንዲሁ ያሳስታል። ‹ቅዳሜ ሌሊት› ሲባል ዓርብ የሚመሽበት ነው ወይስ እሑድ የሚነጋበት? ለዚህስ ቋንቋችን መልስ አለው፤ ‹ለእሑድ አጥቢያ› ካልን የሚጠራጠር የለም። ‹በክረምት› የሚለውን ቃል ግን መተው ይሻላል። እኛ እዚህ በረዶ ስናስብ፣ አገር ቤት ያሉት የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ያስባሉና።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ትኖራለች፤ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኗ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፤ ሰዓት ማዛወርም አላስፈለጋትም። አትላንታ ግን፣ ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን በ1 ወደ ፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ስለዚህ ልዩነታችን በሙቀቱ ወራት 7፣ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ነው።

የአገር ቤት አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ፣ ከ7 ላይ 6 ሲነሣ 1፣ ከ8 ላይ 6 ሲነሣ 2 ይቀራል። ስለዚህ በአትላንታ ሰዓት ላይ በሙቀቱ ወራት 1፣ በብርዱ ወራት 2 መጨመር ብቻ ነው። የመኪናችን ሰዓት ጠዋት 9 ሲል፣ አዲስ አበባ በሙቀቱ ወራት ከቀኑ 10፣ በብርዱ ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ይቀነሳል። ይህችን ስሌት ይዞ መንገድ ላይ እንኳ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል።

ለንደን ካሉ ወገኖቻችን ጋር ስንጫወት ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውሮፓ ሰዓቱን የሚያዛውረው በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ የሚመልሰውም በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ነው። ስለሆነም በመጸው አንድ ሳምንት፣ በፀደይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ ከለንደን ጋር ያለን የ5 ሰዓት ልዩነት 4 ይሆናል። የጆርጂያ ግዛት በ2021 የሙቀቱን ወራት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ለመያዝ ሕግ አውጥታለች፤ ሕጉ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ኮንግሬስ ሲፈቅድ ነው። ያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ሁልጊዜ 1 እንጨምራለን ማለት ነው።

ይህ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። በሴፕቴምበር 1945፣ ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን፣ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ቡድኖች አንዱ ኒውዮርክ፣ ሌላው ሞስኮ ተቀምጠው በ10 ሰሌዳ በሬዲዮ ተጋጥመዋል። ግጥሚያው አራት ቀን ፈጅቶ ሶቪየቶች 15½ ለ4½ አሸነፉ። በ2020 ደግሞ፣ ወረርሽኙ ዓለምን ቤት በዘጋ ጊዜ፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ኦሎምፒያዱን በኢንተርኔት አካሄደ። በፍጻሜው ሁለት የህንድ ተጫዋቾች ጨዋታ ላይ እያሉ መስመር ተቋረጠባቸው፤ ፌዴሬሽኑም ህንድንና ሩሲያን በጋራ አሸናፊ አድርጎ ሰየማቸው። በዓለም ታላቁ መድረክ ላይ የደረሰ ነገር በእኛ ቢደርስ ሊደንቀን አይገባም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በመካከላችን፣ ‹ከአዲስ አበባ ጋር መጫወቱን ትተን ከዋሽንግተንና ከቶሮንቶ ወገኖቻችን ጋር ብንጫወት አይሻልም ወይ? ሰዓታችን አንድ ነው› የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የታክሲ ነጂ ሰዓት እንጀራው ነው፤ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ መዋል አንድ ጠዋት ገበያ መተው ነው። ልጆቹም ቅዳሜ የእግር ኳስ ልምምድ አላቸው። ሌሊት የምትሠራዋ እኅታችን ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ ነው የምትቀመጠው።

ከወዲያ ያሉትም ቢሆኑ ወጪ አለባቸው። የኢንተርኔት ጥቅል ከኪሳቸው ይገዛሉ፤ መብራትም ይጠፋባቸዋል። በ2020 ከጁን 30 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት እንደ ተዘጋ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው በዚህ ሁሉ መካከል ሰዓቱን ጠብቆ ለጨዋታ ሲቀርብ፣ ‹ሰዓታችሁ አልተመቸንም› ብሎ መተው ይከብዳል።

ከዋሽንግተን ጋር መጫወቱ ጥሩ ነው፤ እንጫወታለን። ከአዲስ አበባ ጋር ስንጫወት የምናገኘውን ግን ከዚያ አናገኘውም። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ‹አገር ቤት አሁን ስንት ሰዓት ነው?› ብለው መጠየቅ የጀመሩት ግጥሚያው ሲመጣ ነው። የአማርኛውን ሰዓት በትምህርት ስናስገባላቸው ይረሱት ነበር፤ ለጨዋታ ሲያስፈልጋቸው ግን ያዙት። ከጨዋታው በኋላም ከእኩዮቻቸው ጋር ስለ ፈረስና ስለ ወታደር በአማርኛ ይከራከራሉ። አንድ ልጅ የአያቱ ቀን መቼ እንደሚነጋና መቼ እንደሚመሽ ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በሰዓት የተለያየን ቤተሰብ ነንና።

ስለሆነም ቡድናችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ/ መደበኛው ግጥሚያ ቅዳሜ በአትላንታ ጠዋት 9 ሰዓት ይሁን። ያን ጊዜ ለንደን ከቀትር በኋላ 2፣ ሎስ አንጀለስ ንጋት 6 ሰዓት ነው። ምሽት ቢሆን፣ የእኛ 8 ሰዓት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ነው፤ ልጆችን በዚያ ሰዓት መቀስቀስ ግፍ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ።

2ኛ/ ከአራት ግጥሚያ አንዱ በእኛ ሌሊት ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያላቸው የአዲስ አበባ ተጫዋቾች በመደበኛው ሰዓት መቅረብ አይችሉም። ዓርብ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ማለትም ለቅዳሜ አጥቢያ፣ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። በዚህኛው ልጆች አይሰለፉም፤ የምንሰለፈው ነጂዎች ነን። ለሌሊት አዲስ አይደለንም።

3ኛ/ በረመዳን ሰዓቱ ይታይ። በብርዱ ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ ማፍጠሪያ ላይ ይደርሳል። ረመዳን በእነዚህ ወራት ሲውል ጅማሬውን በአንድ ሰዓት አስቀድመን በአትላንታ 8 እናድርገው።

4ኛ/ ጨዋታው አጭር ይሁን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው 5 ሴኮንድ ጭማሪ ይሰጠው። 60 እንቅስቃሴ የሚደርስ ጨዋታ እንኳ ከ40 ደቂቃ አያልፍም። ነጭና ጥቁር ተለዋውጠን ሁለት ዙር ብንጫወት፣ ከ10 ደቂቃ ዕረፍት ጋር በ90 ደቂቃ ይፈጸማል። ነጂውም ወደ ሥራው ይመለሳል።

5ኛ/ መስመር ወይም መብራት ከተቋረጠ ሽንፈት አይቆጠር። ያ ሰሌዳ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት እንደገና ይጫወት። ተቀናቃኛችን የአዲስ አበባ ተጫዋች እንጂ መብራት ኃይል አይደለም።

6ኛ/ የቀጠሮ መልእክት ሁልጊዜ በሁለት አቆጣጠር ይጻፍ። ለምሳሌ፣ ‹ቅዳሜ፣ በአትላንታ ጠዋት በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት›። ቀኑም በሁለቱም የቀን መቁጠሪያ ይጠቀስ። ይህን የሚጽፍ አንድ ሰው ከእኛ፣ አንድ ከእነሱ ይመረጥ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ መልእክት አይውጣ።

ከማኅበሩ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ኢንተርኔት ያለው ክፍል እንዲፈቀድልን ነው። ልጆቹ በየቤታቸው ተበታትነው ከሚጫወቱ አንድ ቤት ተቀምጠው ቢጫወቱ ቡድን ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ሰዓት የሚተርፋችሁ እናቶችና አባቶች ልጆቹን በማመላለስ እንድትተባበሩን ነው። እኛ ማመላለስ ሥራችን ቢሆንም፣ በዚያ ሰዓት ሰሌዳ ላይ እንሆናለን።

የሰዓት ክልል ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚህ አገር የባቡር ኩባንያዎች በኖቬምበር 18 ቀን 1883 ተስማምተው እስኪያወጡት ድረስ፣ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይኖር ነበር። ሰዎች ባቡር እንዳይጋጭ ብለው ከተስማሙ፣ እኛ ከገዛ ወገኖቻችን ጋር ለመገናኘት መስማማት አያቅተንም። ሰዓቱን ብንወስን አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችና እኅቶች መልሳችንን እየጠበቁ ናቸው፤ ከዛሬው ስብሰባ በኋላም እንጽፍላቸዋለን።