ቴፕና አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጥ?

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በብዙዎቻችን ቤት ያለ ጉዳይ ነው። ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩ፣ የዲሹ ሪሲቨር የት ተቀምጧል? ከላዩስ ምን ተጭኖበታል?

ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አምፕሊፋየሩ ቡፌ ውስጥ ነበር፤ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቋል፤ ከላዩ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨሩ ላይ ደግሞ ዳንቴል አለ። እንግዳ መጥቶ ከጧት ጀምሮ መዝሙር ሲሰማበት ዋለ። ወደ ማታ ላይ የላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ሸተተ፤ ዕቃው ሲነካ እጅ ይለበልባል። ስፒናው ቶሎ ተነቀለና ጉዳቱ በዕቃው ላይ ብቻ ቀረ። ቤተሰቡ ተኝቶ ቢሆን ኖሮስ?

“ኧረ አገራችን ደጋ ነው፤ በዚህ ብርድ ዕቃው እንዴት ይግላል?” የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያው እንል ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከውጪ ሳይሆን ከራሱ ከዕቃው ነው። አምፕሊፋየር ከሚስበው ኤሌክትሪክ ድምፅ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል። በላዩና በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ለዚሁ የተበጁ እንጂ ለጌጥ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከራሳችን በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ወደ አሸተን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው አየሩ ስለሚሳሳም ነው። በከተማችን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል የሚለንም በዚሁ ምክንያት ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች እንዲሠሩ የሚያመለክት ጽሑፍ ወይም ምልክት አለ። እኛ ከዚያ በላይ ነን።

ይህን ስንል ዕቃውን አትጠቀሙ ማለታችን አይደለም፤ ቦታ እንስጠው ነው። ብርዱማ ያግዛል፤ የሚያግዘው ግን ዕቃው ዘንድ ሲደርስ ነው። ቡፌ ውስጥ ለተዘጋበትና ጨርቅ ለለበሰ ዕቃ የደጁ ብርድ አይደርስለትም።

ስለዚህ የሚከተለውን ብናደርግ፦

1. ከዕቃው ጀርባና ጎን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከላዩ ደግሞ ከዚያ በለጥ ያለ ክፍት ቦታ እንተው። ቡፌ ውስጥ ካስቀመጥነው የቡፌው ጀርባ ክፍት ይሁን፤ ሲሠራም በሩ አይዘጋ።

2. ዳንቴሉን ዕቃው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እናልብሰው፤ ሲከፈት ይነሣ።

3. ሪሲቨርና ዲቪዲ በአምፕሊፋየር ላይ አይደራረቡ። አልጋ፣ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይም አይቀመጥ፤ የሥሩ ቀዳዳ ይደፈናል።

4. ጧፍ፣ ሻማ፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የውሃ ብርጭቆ ከላዩ አይቀመጥ። ከምድጃና ከከሰል ማንደጃም ይራቅ። በክረምት ጣራው የሚያፈስበት ቦታ መሆን አለመሆኑንም እንይ።

5. በአንድ ማከፋፈያ ላይ አምፕሊፋየር፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ አብረው አይሰኩ። ሽቦ በምንጣፍ ሥር አይለፍ፤ ልጆች የሚስቡትም እንዳይሆን። ከባድ ስፒከር ወለል ላይ ቢሆን ይመረጣል።

6. መብራት ሲጠፋ ስፒናውን እንንቀል፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሠን እንሰካ።

7. በበጋ አቧራው ብዙ ነው። ስፒናው ተነቅሎ፣ ቀዳዳዎቹ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጉ።

ለመፈተኛም ቀላል ዘዴ አለ። ዕቃው አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ መዳፋችንን ከላዩ እናሳርፍ። እስከ 10 እስክንቆጥር ካላስቻለን ይጠፋ፤ ቦታውም ይለወጥ። የቃጠሎ ሽታ ወይም ጢስ ካለ ደግሞ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር እናውርድ። በተሰካ ዕቃ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይሻላል። እሳቱ ከበረታ ግን ለዕቃ ብለን ቤት ውስጥ አንቆይ፤ ልጆችንና አረጋውያንን ይዘን እንውጣና ጎረቤት እንጥራ።

ወገኖቻችን፣ ቤቶቻችን የተጠጋጉ ናቸው፤ ሣር ክዳን ያላቸውም አሉ። በአንድ ቤት የተነሣ እሳት ጎረቤትን አይምርም። የገና በዓል እየቀረበ ሲመጣ እንግዳ ይበዛል፤ ቴፑም ቀኑን ሙሉ ይከፈታል። ከዚያ አስቀድመን በየቤታችን ዞር ዞር ብለን እንይ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ቤት ደግሞ ወጣቶቻችን ገብተው ዕቃውን ከግድግዳ ፈቀቅ ያድርጉላቸው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማታ ከየራሳችን ቤት እንጀምር።