ምልክቱ በእጅ፣ ምክንያቱ በዓይን

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ኤሌክትሪክ ማሠራጫ ሲያስረዱን ቆይተዋል። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንድ የልጆች መጫወቻ ነው። ይህን ስል ከእናንተ መካከል ፈገግ የሚል እንደሚኖር አላጣሁትም። ሆኖም ጉዳዩ ከመጫወቻው ያልፋል። አንድ መሐንዲስ ብልሽት ሲገጥመው ወዴት እንደሚመለከት፣ መንገዱ ሲረዝምበትም በምን እንደሚፈተን የሚያሳይ ነውና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ኢሙሌተር ማለት አንዱ ኮምፒዩተር የሌላውን ማሽን ሥራ ትእዛዝ በትእዛዝ እየተከተለ እንዲፈጽም የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ቢያረጅ፣ ፋብሪካውም መሥራቱን ቢያቆም፣ ለማሽኑ የተጻፈው ፕሮግራም በኢሙሌተር አማካይነት ሊሠራ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ሙያ ለመማር ስል፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም ብሎ ላወጣው፣ በኋላም በአሜሪካና በአውሮፓ ኔስ በሚል አኅጽሮት ለታወቀው መጫወቻ ኢሙሌተር መጻፍ ጀመርሁ።

የጃፓኑና የአሜሪካው ማሽን አሠራር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በውስጡ ሁለት ዋና ዋና ቺፖች አሉ። አንደኛው ፕሮሰሰሩ ሲሆን በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ያህል ምት ይመታል። ሁለተኛው የሥዕል ቺፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አንድ ምት ሲመታ እርሱ ሦስት ነጥብ ይራመዳል። እያንዳንዱ መስመር 341 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለት አንድ ሙሉ ሥዕል፣ 262 መስመር ሲኖረው ከእነዚህ ውስጥ ሥዕል የሚወጣባቸው 240 መስመሮች ናቸው። በዚህ ስሌት በሰከንድ ከ60 ጥቂት የሚበልጥ ፍሬም ይወጣል። ተጫዋቹ በእጁ የሚይዘው መቆጣጠሪያ፣ ልጆች ጆይስቲክ የሚሉት፣ ስምንት ቁልፎች አሉት። ፕሮሰሰሩ «ያዝ» የሚል ምልክት ሲሰጥ፣ በጆይስቲኩ ውስጥ ያለች አንዲት ቺፕ የስምንቱን ቁልፎች ሁኔታ በአንድ ቅጽበት ትይዛለች፤ ከዚያም በተጠየቀች ቁጥር አንድ በአንድ፣ በተወሰነ ተራ ታቀብላለች።

ሥራዬን ለመፈተን የመረጥሁት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለውን ጨዋታ ነበር። የመግቢያው ሥዕል ያለ እንከን ታየ። ደስ ብሎኝ «ስታርት» የሚለውን ቁልፍ ብጫን ግን ምንም ነገር አልሆነም። ደጋግሜ ብጫንም ያው ነው። ጆይስቲኩ አይሠራም ብዬ ደመደምሁ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል የጆይስቲኩን ክፍል ስመረምር ቆየሁ። የኪቦርዱ ቁልፍ ወደ ፕሮግራሜ ይደርሳልን? ይደርሳል። የስምንቱ ቁልፎች ተራ ተዛብቷልን? አልተዛባም። «ያዝ» የሚለው ምልክት በጊዜው ይሰጣልን? ይሰጣል። ክፍሉን ሁለት ጊዜ አፍርሼ እንደ አዲስ ጻፍሁት፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በመጨረሻ መላው ሲጠፋኝ፣ ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት የትኛውን ትእዛዝ እየፈጸመ እንደ ሆነ በዝርዝር አወጣሁ። ያየሁትም ያልጠበቅሁትን ነበር። ፕሮሰሰሩ ጆይስቲኩን በትክክል አንብቦ አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሦስት ትእዛዞች ላይ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። የሚጠይቀውም ጆይስቲኩን ሳይሆን የሥዕሉን ቺፕ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚህ ጨዋታ ነጥብና ጊዜ የተጻፈበት የላይኛው ክፍል ባለበት ቆሞ ሳለ ከሥሩ ያለው ምድር ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ እንዲሆን ፕሮሰሰሩ ሥዕሉ ገና በመወጣት ላይ እያለ፣ የላይኛው ክፍል ማለቁን ማወቅ አለበት። የሥዕሉ ቺፕ ስፕራይት የሚባሉ 64 ተንቀሳቃሽ ምስሎች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ የመጀመሪያው፣ ቁጥር 0 የሆነው፣ ከጀርባው ሥዕል ጋር በነጥብ ሲገናኝ ቺፑ አንዲት ቢት ያነሣል። የጨዋታው ጸሐፊዎች ይህን ምስል በላይኛው ክፍል በተሣለችው ሳንቲም ግርጌ ላይ ደረቡት። ፕሮሰሰሩ ቢቷ እስክትነሣ ይጠብቃል፤ በተነሣች ጊዜም ሥዕሉ የት እንደ ደረሰ ስለሚያውቅ የታችኛውን ምድር ያንቀሳቅሳል። የእኔ ኢሙሌተር ግን ፍሬሙን በሙሉ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይሥል ስለ ነበር ቢቷን የሚያነሣ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ የማይመጣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በደጃፍ ቆሞ ቀረ። የእጄ ትእዛዝ ደርሶታል፤ ሊፈጽመው ግን ፋታ አላገኘም። ምልክቱ በእጅ ታየ፤ ምክንያቱ ግን በዓይን በኩል ነበር።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። በማግሥቱ ሥራዬን ለጥቂት ባልደረቦችና ተማሪዎች ላሳይ ቀጠሮ ነበረኝ። የሥዕሉን ክፍል እንደ ገና ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ «30ኛው መስመር ላይ ሲደረስ ቢቷን አንሣ» የሚል አንድ ትእዛዝ ጨመርሁ። ጨዋታው ሄደ። ተመልካቾቹ አመሰገኑኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀበልሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ግን የጻፍሁትን ሲያነብብ ቆይቶ፣ «ኢንጂነር፣ ይህን 30 ከየት አመጡት?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ነበር። ሌላ ጨዋታ ስንጭን ሥዕሉ በማይገባው መስመር ላይ ተቆርጦ ታየ። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እኔ ሸሽጌው ሳበቃ እንደ ፈወስሁት ሆኜ ቆሜ ነበር። ያን ትእዛዝ ሰርዤ፣ ፕሮሰሰሩ አንድ ምት በመታ ቁጥር የሥዕሉ ቺፕ ሦስት ነጥብ እንዲራመድ አድርጌ ክፍሉን ከመሠረቱ ጻፍሁት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቢቷ እኔ ሳላዝዛት በራሷ ጊዜ መነሣት ጀመረች።

ፕሮግራሙን ሌሎች ሰዎች መጠቀም ሲጀምሩ ልዩ ልዩ አቤቱታ ይደርሰኝ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት በኋላ አቤቱታውን የምሰማበት ጆሮ ተለውጦ ነበር። አንዱ «ምስሎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ» አለኝ። ይህ ብልሽት አይደለም። ቺፑ በአንድ መስመር ላይ ከስምንት ስፕራይት በላይ ሊሥል ስለማይችል፣ ጸሐፊዎቹ ምስሎቹ ሲበዙ በየፍሬሙ ተራ ያስይዟቸው ነበር። ወሰኑን ቢያነሡት፣ አንዳንዱ ጨዋታ በዚሁ ወሰን ሆን ብሎ የሸሸገውን ምስል ያወጣዋል።

ሌላው ደግሞ «ባለታሪኩ ባልታሰበ ፍጥነት ይወረወራል» አለ። የጥንቱ ጆይስቲክ የአቅጣጫ ቁልፍ የመስቀል ቅርጽ ያለው አንድ ወጥ ቁራጭ ነው፤ ግራው ሲጫን ቀኙ ከፍ ይላል። በኪቦርድ ግን ግራና ቀኝ አብረው ሊጫኑ ይችላሉ፤ ይህን ያላሰበ ጨዋታ በዚያን ጊዜ ይዛባል። መፍትሔው ጨዋታውን መነካካት አይደለም፤ ያ ቁራጭ በቅርጹ ይከለክለው የነበረውን ኢሙሌተሩም እንዲከለክል ማድረግ ነው።

ሦስተኛው «ጆይስቲኩ ይዘገያል» አለ። ጆይስቲኩ ግን አልዘገየም። ማሽኑ በሰከንድ 60.1 ያህል ፍሬም ሲያወጣ የኮምፒዩተሩ ስክሪን 60 ብቻ ከተቀበለ፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም ይተርፋል። ፍሬሞቹ በዚህ ምክንያት በሰልፍ ቢቆሙ፣ ሦስት ፍሬም የጠበቀ ሥዕል 50 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይታያል። ዓይን የዘገየበት ሰው የሚከስሰው እጁን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ዳክ ኸንት የተባለው የአደን ጨዋታ ነው። በሽጉጡ አፍ ውስጥ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ አለ። ምላጩ ሲሳብ ጨዋታው ስክሪኑን ለአፍታ ያጠቁርና በዳክዬዋ ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይሥላል፤ ሽጉጡ ያን ብርሃን በጊዜው ካየ ዳክዬዋ ተመታች ማለት ነው። ይህ ሁሉ የታሰበው ለጥንቱ የመስተዋት ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። ያው ማሽን ከዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ጋር ቢያያዝ ብርሃኑ ዘግይቶ ስለሚወጣ ሽጉጡ ዒላማውን አያገኝም። ሽጉጡ አልተበላሸም፤ ቴሌቪዥኑም ደኅና ነው፤ የፈረሰው በሁለቱ መካከል የነበረው የጊዜ ስምምነት ነው። በኢሙሌተር ግን ማውዙ ባመለከተበት ነጥብ ላይ ብርሃን መኖሩን ኢሙሌተሩ ከራሱ ሥዕል ላይ መመርመር ይችላል፤ ለዚህም ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ፣ በጊዜው የሚሥል መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን በተለይ ለወጣት ባልደረቦቼ ላካፍል። አንደኛ፣ አንድን ነገር ብልሽት ከማለታችሁ በፊት ዋናው ማሽን ምን ያደርግ እንደ ነበር አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ከቁልፉ እስከ ስክሪኑ ያለውን መንገድ ከመካከሉ ቁረጡት፤ ፕሮሰሰሩ ቁልፉን አንብቦ ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ፈልጉ። እኔ ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጌ ቢሆን ሦስት ሳምንት ባልባከነብኝ ነበር። ሦስተኛ፣ የተጫኑትን ቁልፎች ከነፍሬም ቁጥራቸው መዝግባችሁ መልሳችሁ አጫውቷቸው፤ ብልሽቱ በዚያው ፍሬም ላይ ከተደገመ ሥራው ቀለለ። ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አራተኛ፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ የሚሠራ ጥገና በእጃችሁ ቢገባ፣ ብልሽቱ ገና እንዳልተገኘ ቁጠሩት።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከመካከላችን ሠሪዎቻቸው የተዉአቸውን የቆዩ የመቆጣጠሪያ ማሽኖች የሚጠብቁ መሐንዲሶች አሉ። የእነዚያም ማሽኖች ሥራ አንድ ቀን በኢሙሌተር መተካቱ የማይቀር ነው። በዚያን ጊዜ ዋናው ማሽን ተነሥቶ የሚመሰክር ስለማይኖር፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያምነው እኛ የጻፍነውን ነው። እኔ 30 ብዬ ብተወው ኖሮ፣ ያ ሰው ማሽኑ ራሱ 30 እንዳለ አድርጎ በተቀበለው ነበር። በመጫወቻ ላይ የሚጠፋው አንድ ጨዋታ ነው፤ በማሞቂያ ወይም በማንሻ ማሽን ላይ ግን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ዛሬ የማኅበራችን አባል ሆኖ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። በዚያን ቀን ላላቀረብሁለት ምስጋና ዛሬ በእናንተ ፊት አመሰግነዋለሁ።